ቦራ

ቦራ ዛሬም ቆመ፣ ከዘይነባ ደጃፍ፤
አልነዳውም ቁጣ፣ አልነዳውም ጅራፍ።
ሱቋ ከተዘጋ ሁለት ክረምት አልፏል፤
የሸንኮራው ጣዕም ከምላሱ ወርዶ
ሰኮናው ውስጥ ገብቷል።

እኔስ ምን ለየኝ?
የኮምቦልቻው ፋብሪካ ስድስት ሰዓት ሲጮኽ፣
ጠግቤም ይርበኛል።

ሙሄን አንድ ቀን እንኳ፣ ወላሂ፣ አልመታሁም፤
ግን ጅራፉን ሳነሣ፣ ከፈረሱ ቀድሞ
ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከጋሪው ላይ ቆሞ።
ትናንት ከአጥሩ ሥር፣
የሸንበቆ ፈረስ እግሩ መሃል ከትቶ፣
«ሂድ አንተ ሰነፍ!» ይላል፣
የእኔን ፊት ቋጥሮ፣ የእኔን ድምፅ አውጥቶ።

ዛሬ ሸንኮራ ገዛሁ፤
ጅራፉን ከመቀመጫው ሥር ከተትሁ።
ቦራ አላምጦ እስኪጨርስ ቆመን ጠበቅነው፤
ሙሄ ግን
ዓይኑ እጄ ላይ ነው።