ኤግዚቢት አሥራ አራት

እኔ ማኅተም መቺ ነኝ፣ ከመስኮት ጀርባ የምቀመጥ፣
ሰው ንዴቱን በሦስት ቅጂ ይዞ ሲመጣ የማልደነግጥ።
በኒው ብራንስዊክ ጠረፍ፣ ባሕሩ በረዶ ሲተፋ፣
ኦዲል አርሰኖ ገባች፣ ጓንቷ ዓሣ የሚከረፋ።

«ጻፊልኝ» አለች፣ «ሌባ ነው!»
                                  «እዚህ ሌባ አይጻፍም፤
ክስ ስድብ አይደለም፣ እመቤት፤ እንባም ቁጥር ካልያዘ አይገባም።
መቼ? የት? ስንት? በየትኛው ውል? ተራ በተራ ይሰለፍ፤
ያልተጻፈ ብሶት በዚህ ደጅ ጉም ነው፣ ታይቶ የሚያልፍ።»

ጻፈች። አንድ፣ ጀልባዋን የሠራው ዱጋልድ ማክኪናን ነው።
ሁለት፣ ዋጋው አርባ ሁለት ሺህ፤ ሰባቱ ሲቀር ተከፈለው።
ሦስት፣ በሁለተኛው በጋ ሆዷ ውሃ መጠጣት ጀመረ።
አራት፣ እንጨቱ እርጥብ ነበረ፤ እያወቀ ነው ያዋቀረ።

መጥሪያው ዱጋልድን አገኘው፣ መላጊያውን እንደያዘ፤
የመልሱ ቀን ሊያልፍ ሰዓት ሲቀር ጠበቃው ደረሰ፣ እንደታዘዘ።
«አንደኛውን እናምናለን። ሁለተኛውንም አንክድም።
ሦስተኛው ግን ከሳሽ ከድንጋይ አጋጭታት ነው እንጂ፣ ከእኛ እጅ የመጣ አይደለም።
አራተኛው ሐሰት። ደግሞም ያልተከፈለች ሰባት ሺህ አለችን፤
በተራችን ከሳሽ ሆነን፣ እሷው ትክፈል ባዮች ነን።»

ሁለቱ የተማመኑበት ተልጦ ከነገሩ ሲወድቅ
የሚተርፈው ጭብጥ ይባላል፣ በመዳፍ የሚያዝ፣ ደረቅ።
ጭብጥ ከጭብጦ ሩቅ አይደለም፤
በፍርድ የሄደች በቅሎ ትረሳለች፣
ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ግን ሌሊት ሌሊት ትቀሰቅሳለች።

ከዚያ ሣጥኖች መጡ። ሕጉ የሚጠቅምህን ብቻ አይልም፤
የሚጎዳህንም አውጣ ይላል፣ መሳቢያህ ሚስጥር አይኖረውም።
ዱጋልድ በእርሳስ የተጻፈ ደብተር ሰጠ፣ ገጹ በሙጫ የተጣበቀ፤
«የካቲት ተቆረጠ፣ መጋቢት ተሰነጠቀ።» ያ ዛፍ መች ደረቀ?
ኦዲልም የጉዞ መዝገብ ሰጠች፣ በልጇ በሬሚ የተጻፈ፤
«ጉም። ድንጋይ ነካን።» አንብባው አታውቅም፤ በጉሮሮዋ አንዳች አለፈ።

ለእርቅ አንድ ቀን ተቀመጡ።
ልዩነታቸው አራት ሺህ ዶላርና አንድ ይቅርታ ነበር።
ዶላሩስ ይገኝ ነበር።

ጀልባዋስ? ማስረጃ ነች፤ አትጠገን፣ አትሸጥ፣ አትነካ፤
ሦስት ክረምት ዳርቻ ላይ ቆመች፣ ቀለሟ በሻጋታ እየተተካ።
ቀጠሮ ቀጠሮን ወለደ፤ ባለሙያው ታመመ፣ ዳኛዋ ተዛወሩ፤
በመሪዋ ቤት የሠፈሩ ወፎች ሁለት ጊዜ ጫጩት አበረሩ።
ከሆዷ የተቆረጠው ሳንቃ ብቻ ምድር ቤታችን ገባ፣
ከማሞቂያው ቧንቧ ጎን ተጋደመ፣ ቁጥር ተለጥፎበት እንደ ሬሳ።

የችሎቱ ዕለት ሬሚ ማለ፣ ድምፁ ከቁመቱ አንሶ፤
የእናቱ ጠበቃ አባብሎ ጠየቀው፤ የዱጋልድ ተነሣ፣ ታግሦ።
«ድንጋዩን የነካችሁ ዕለት ውሃ ገባ?» «አልገባም።»
«ማግሥቱን?» «ትንሽ።» «ትንሽ ስንት ባልዲ ነው?» «አልቆጠርሁም።»
እዚህ በላ ልበልሃ የለ፣ ዘንግ ተይዞ አይፎከርም፤
መስቀለኛ ጥያቄ መርፌ ነው፣ ሲገባ አይጮኽም።

ኤግዚቢት አሥራ አራት ሲባል ሳንቃውን ተሸክሜ አቀረብሁ፤
የዱጋልድ አውራ ጣት ሳይታዘዝ በእንጨቱ ጅማት ሲሄድ አየሁ፣
የልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። ጠበቃው ሲያስል እጁን ሰበሰበ።
«እርጥብ ነበር?» ዝም አለ። ከዚያ፣
«ነበር። ዓሣው አይጠብቀኝም አለች፤ ጊዜው ጠበበ።»
ኦዲል ቀና አለች። የማንም ጠበቃ ያልጻፈው አንቀጽ እሱ ነበረ።

ፍርዱ ሃያ ስድስት ገጽ ነው። ከመቶ ሰባው ከእንጨቱ፣
ሠላሳው ከድንጋዩ፤ ሰባት ሺው ይቀናነስ ከካሣው፤
ወጪና ኪሳራን ሁለቱም ይቻሉ እንደየራሳቸው።
ማኅተሙን መታሁ። ይግባኝ ያለ የለም።

ለሁለቱም ጻፍሁ፣ «ኤግዚቢቱን ውሰዱ» ብዬ።
እሱ የእሷ ነው አለ። እሷ ምን ልሠራበት አለች።
ዛሬ አቧራውን ስጠርግ በጣቴ አጥንት መታሁት፤
ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ።

ደርቋል።
አሁን ለጀልባ ይሆናል።