ውሃ ገራፊው

አሰንዳቦ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ልብስ ሰፊው ነዚፍ ነበር፣ እሑድ ሱቁን ዘግቶ ከወንዝ የሚገባ።
ማታ ማታ ዝንብ ይሰፋል፤ መንጠቆው ከጅማ መርካቶ፣ ከብረታ ብረት ቤት፣
ላባው ከጎረቤት አውራ ዶሮ አንገት፣
ክሩ ከደንበኛ ልብስ የተረፈ ቁራጭ፤
መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ሻማ አጠገብ ቁጭ፣
ክንፍ ያወጣል፣ ወገብ ያጠባል፣ ጅራት ይቀጥላል፣
የሰው ሱሪ ከሚስማር ላይ፣ ቀጠሮው አልፎ ያየዋል።

ማን አስተማረው? ግድቡ ሲሠራ የመጣ አንድ ቀያሽ፤
ጢሙ ቀይ፣ ከአማርኛ ሦስት ቃል የያዘ፦ "ውሃ"፣ "ነገ"፣ "አይዞሽ"
(ለወንድም ለሴትም "አይዞሽ" ነበር የሚለው)፤
የቀረውን በእርሳስ እየሣለ ነው የነገረው፦
በአገሩ ትራውት የሚሉት ዓሣ አለ፣ ዝንጉርጉር፣ ብርድ ወዳድ፣ ኩሩ፣
የሞተ የማይቀምስ፣ ካልደነሱለት በክሩ።
ዘንጉን ትቶለት ሄደ።

ግቤ ትራውት የለውም። ነጭ ዓሣ አለው፣ ቆሮሶ፣ ጢማም አምባዛ፤
"ለማያውቁት እንግዳ፣ ልኩን ሳይወስዱ መስፋት" ይላል ነዚፍ፣ "እሱ ነው የሙያ ለዛ።"

ከተማው ስም አወጣለት፦ ውሃ ገራፊው ነዚፍ!
ክሩን ወደ ኋላ ሰድዶ፣ ጠብቆ፣ ወደ ፊት ሲለቀው፣ በአየር ላይ ሲጽፍ፣
"ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!" ይሉታል ባጃጅ ነጂዎቹ ከድልድዩ፤
ኮፍያውን ነካ አድርጎ፣ "ቤንዚናችሁን አትጨርሱ፣ ሂዱ።"

እኔ ቁልፍ ተካይ ነበርኩ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ፤
ያን እሑድ ሳጥኑን ተሸክሜ ወረድኩ፣ ሳታውቅ እናቴ።
ከግድቡ በታች ወንዙ በቀጠሮ ነው የሚኖር፤
ሲዘጉት አጥንቱ ይወጣል፣ ሲከፍቱት ያጓራል፣ አፈር ድንጋይ ሲያዞር።
ከላይ ግራጫው ግንብ። ከግንቡ ጀርባ፣ ከውሃው ስር፣
የነዚፍ አባት የበቆሎ ማሳ፣ የቤቱ መሠረት፣ የከብቱ አጥር።
(ይህን እርሱ አልነገረኝም፣ ኋላ ነው ከሰው የሰማሁት።
ያን ቀን ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ ጥላህን ከውሃው ላይ አንሳ።)

ሦስቴ ጣለ። በአራተኛው ውሃው ስንጥቅ አለ፣
ዘንጉ ጎበጠ፣ ክሩ ጣቱን አቃጠለ።
"ያዘ!" አልኩ። "ዝም!" አለ። ዓሣው አልታየም፤ ክብደት ብቻ፣
ግትር፣ የማይመለስ በጉተታ፣ በልመና፣ በዛቻ፤
ወደ ታች ሰፊ ወንዝ ሳለለት፣ ወደ ላይ፣ ወደ ግንቡ ይጎትታል፣
መንገዱ እንደተዘጋ እስካሁን ማንም ያልነገረው ይመስላል።

ያኔ ሳይረኑ።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤
ግድቡም እንደዚያው ነው፣ ወንዙን አስሮ ኡኡ ይላል።
አንደኛው ጩኸት ከብት ላለው። ሁለተኛው ልብስ ለምታጥብ።
ሦስተኛውን ቆሞ የሚሰማ የለም ከወንዙ አጠገብ።
ነዚፍ ከደረት ኪሱ መቀሱን አወጣ፣
የሥራ መቀሱን። ውሃው ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ጉልበቱ መጣ።
ክሩን በጣቱ ለካ (ልማድ ነው)፣ ለማጠፊያ ስንዝር አስተረፈ፣
ቆረጠ።
እጄን ይዞ ሮጠ። ከኋላችን ወንዙ በቀጠሮው አለፈ።

ዳገቱ ላይ፣ "ትልቅ ነበር?" አልኩት እያለከለክሁ።
እጁን ዘረጋ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ። "ልኩን አወቅሁ።
ደረቱ ሰፊ ነው፤ ሙሉ ልብስ ይፈልጋል" አለ፣
ሳይስቅ።

ዛሬ ሱቁ የእኔ ነው። መብራት ጠፍቶ ሻማ ሳበራ፣
አንድ ዓሣ ይታየኛል፣ ግንባር ለግንባር ከዚያ ግንብ ጋራ፤
ከንፈሩ ላይ የዶሮ ላባ፣ ከሐጂ ሙዘይን ኮት የተረፈ ቡናማ ክር፣ አፍንጫው ወደ ላይ።
ስንዝሯ እኔ ዘንድ ናት፣ ከሱሪዎቹ ሚስማር ላይ።