ሚዛን ያዡ

ቡሬ እህል በረንዳ፣ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ስመዝንና ሳይ፣
እኔ ጦርነትን ከምንጩ አውቀዋለሁ፤
ተኩስ አይደለም እሱ፤ ቁጥር ነው እላለሁ።

በሬዲዮ ሲወራ ድንበርና ባንዲራ፣
ክብር፣ ታሪክ፣ አደራ፤
እኔ ግን ያየሁት በቆሎ ነው፣ በቆሎ፣
በታኅሣሥ ገበያ የወደቀው ኪሎ።
ዕዳ ሲደርስ ይረክሳል፣ ጎተራ ሲያልቅ ይወደዳል፤
ገበሬ ርካሹን ሸጦ ውዱን ይገዛዋል።

አንማው ከሽንዲ ማዶ አምስት ጆንያ ጭኖ
መጣ በሰኔ ሁለት፣ ሰማዩ ደምኖ።
አባቱ በሁለቱ የገዛውን ዩሪያ
በአምስቱም አጣና ቆመ ከገበያ።
"ማኅበሩ ጋ የለም፣ ነጋዴው ጋ አለ፤
የኔ ኮታ እንዴት ከሱ መጋዘን ዋለ?"
ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። እኔ ኪሎ ጠሪ፣
ከኩንታሉ ሁለት ብር ኮሚሽን ቆጣሪ።

በሐምሌ ዳለቻው፣ በነሐሴ ቡላው
ተሸጡ። ባዶ ቀረ ያ ሰፊ ትከሻው።
ማረስ የቀረበት ሰው ትከሻው ያሳክካል፤
ከቀንበር የተረፈ ማንገቻ ይፈልጋል።
መስከረም ላይ አየሁት፤ ዳለቻና ቡላ
አንድ ብረት ሆነው በትከሻው ኋላ።

ከወዲያ የመጣው ወታደርም ልጅ ነው።
ደመወዙን ለእናቱ በስልኩ ይልካል፤
"ዘይት እዚህ ስንት ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል።
ስሙን አልነገረኝም።
"ሥራ ስፈልግ ነው" አለ፣ "የተመዘገብኩት።"

ሚዛን አያዳላም ይላሉ። እውነት ነው።
ግን ማን ምን እንደጫነ አይጠይቅም።
ለነዚህም ስንቅ መዘንኩ፣ ለነዚያም።
አንዱ ቆሎ ቆላው፣ አንዱ ንፍሮ ቀቀለው፤
እህሉ የአንድ ቀበሌ፣ የአንድ አውድማ ነው።

መንገዱ ላይ ገመድ፣ ከገመዱ አልፎ ገመድ፤
በእያንዳንዱ ገመድ ዋጋው ሲወልድ ሲዋለድ፣
እኔም፣ አልዋሽም፣ በዚያው ዓመት ነው ቤቴን
አዲስ ቆርቆሮ ያለበስኩት፣ ያጠርኩት ግቢዬን።
ሌሊት ዝናብ ሲወርድበት
እንደ ሳንቲም ይቆጠራል፤
እንቅልፍ ይነሳኛል።

በጥር እናቱ መጣች፣ ትጓደድ፣ ጆንያ አዝላ።
ከሚዛኑ ጣለችው። እህል እንዲህ አይጮህም።
ፈታሁት። ቀለህ ነው። ከማሳዋ የለቀመችው፣
ጭቃውን በቀሚሷ ጫፍ አንድ በአንድ የጠረገችው።
"ዘንድሮ" አለች፣ "መሬቱ ይህንን አፈራ፤
ዩሪያም አላማረው፣ ዝናብም አልጠራ።"

አሥራ ሰባት ኪሎ ተኩል።
ቁራሌው ብር ቆጠረ።
አንማው የት እንዳለ አልጠየቅኋትም።
እንደ ልማዴ፣
የጆንያውን ክብደት፣
ግማሽ ኪሎ፣
ቀነስኩ።