ሩብ ዙር

ኦሎሞውትስ፣ መጋቢት፤ ከሞራቫ ወንዝ ማዶ፣
ከጋራዡ ጣሪያ ጠርዝ ይንጠባጠባል በረዶ።
አሥራ አንድ ዓመት፣ ሸራ ሥር፣ ጃዋው ተኝቶ ነበር፤
ስረግጠው ይነቃል፤ ግን ያስለዋል፣ ጠመኔ እንደ በላው መምህር።

ካርቡራቶሩን ብፈታው፣ የድሮው ቤንዚን ደርቆ፣
ማር መስሎ ተጋግሯል፣ የመርፌዋን ቀዳዳ አንቆ።
በሽቦ አይጎረጎርም፣ ናሱ ይቧጨራልና፣
ከብሩሹ አንድ ጭራ መዝዤ፣ በዝግታና
በጸሎት አሾለክሁት።

ካንዴላውን ፈትጌ፣ ፑንቲናውን አስተካክዬ፣
ቪቴዋን ሩብ አዞርኩ፣ ሩብ መለስኩ፣ ጆሮዬን ጥዬ።

በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ሳል የለ፣ መንተባተብ የለ፤
ኮርቻው ላይ ያኖርኩት ሻይ፣ ጠብ ሳይል ብቻ ዋለለ።

ወይዘሮ ድራሆሚራ በመስኮት አንገቷን አውጥታ
አዳመጠች። ፈገግታ የለም። ቆየች ለአንድ አፍታ።
«የቭራቲስላቭ አይደለም» አለች። «እሱ ሲመለስ ከሥራ፣
ድልድዩ ላይ ሲያስል ነበር፣ የሾርባዬ እሳት የሚበራ።»

ስንት ማታ የደከምኩበትን ሞተር አየሁ፤ እሷን አየኋት።
ካቻቢቴዬን አነሣሁ፤
ሳሉን፣
በሩብ ዙር መለስኩላት።