ሐረግ በሐረጎ

ጋሽ ሙሄ ጡረታ የወጡ ሰሞን፣
ጋቢ አለበስናቸው፣ ኬክ ቆረስን፣ ፎቶ ተነሣን።
ከመዝገብ ቤታችን፣ ወደ ጦሳ ከምታየው መስኮት፣
አንዲት ሐረግ ነበረች በኒዶ ጣሳ ውስጥ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት።
«አደራሽን» አሉኝ፣
ጣሳዋን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ሐምሌ ገባ። የደሴ ጉም ከተራራው ወርዶ ቢሮ ይገባል፣
ወንበር ስቦ፣ እንደ ባለጉዳይ፣ ጥግ ይቀመጣል።
እኔ አደራ ነው ብዬ፣
ጧት አጠጣታለሁ፣ ቀን አጠጣታለሁ፣
ማታም ልወጣ ስል ጥቂት እጨምራለሁ።
በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሏ ገረጣ፣
አንገቷ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልሽቅ አለ፣ ሽታም አመጣ።

ምክር መች ይጠፋል።
«የሻይ ዝቃጭ አድርጊባት» አለ ይመር፣ የችሎት ጸሐፊው።
«ዓይን ነው የበላት» አለች ጀማነሽ፣ በቴምብር መሸጫው ቀዳዳ አጮልቃ።
«ጥለሻት ፕላስቲክ ግዢ፤ ፒያሳ ሞልቷል፤ አቧራውን ማበስ ነው።»
ይሄ ኃላፊያችን ነው።
ለማንም ለምንም ምትክ የማያጣ ሰው ነው።

ቅዳሜ፣ ጣሳዋን በፌስታል ሸፍኜ ሚኒባስ ገባሁ።
«ለሷም ይከፈላል» አለ ረዳቱ። ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ።
ከፈልኩ።
ሐረጎን ስንወርድ፣ በየእጥፋቱ፣
እሷም ትታጠፋለች፣ ቀና ማለት አቅቷት ካንገቱ።
አንድ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር አሻግረው አይተው፣
«ሐረግ በሐረጎ ስትወርድ ዛሬ ገና አየሁ፤
እኔ የማውቃት ሐረግ ወደ ላይ ነበር መንገዷ» ብለው
መኪናውን በሣቅ ሞሉት።

ኮምቦልቻ ሹራቤን አስወለቀችኝ።
ጋሽ ሙሄ ከልጃቸው በረንዳ፣ በሽርጥ ተቀምጠው፣
ጣሳዋን አዩ። ቆዩ።
«ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸው ከዓይኔ ሸሽቶ፣
«እኔ ይችን ሐረግ አንድ ቀን አጠጥቼ አላውቅም።
ዘሐራ ናት። የጽዳቷ ዘሐራ። ዓርብ ዓርብ፣ ሰው ሳይገባ።
‹የጋሽ ሙሄ ሐረግ› ሲባል ሰማሁ፤ ደስ አለኝ።
ዕድሜ ልኬን የሰው መዝገብ ሳርም ኖሬ፣
ይችን ግን አላረምኩም።»

ዘሐራም በዚያው ሰሞን ነበር የወጣችው።
ጋቢ አላለበስናትም።
ቁልፉን ከጥበቃው ጠረጴዛ ላይ አኑራ ሄደች።
ያባቷን ስም እንኳ፣
ከደመወዝ መዝገብ ፈልጌ ነው ያገኘሁት፤ አበጋዝ።

ሰኞ ገበያ ነች። ድንችና ቃሪያ ትቸረችራለች።
ሰላምታዬን ሳትመልስ፣ ጣሳዋን ከእጄ ወሰደች፣
አፈሩን በጣቷ ወጋችው፣ አሸተተችው፤
«ኧረግ! አሰመጥሻትኮ። ጥማቷን ነጠቅሻት።
ቀዳዳዋንስ ማን ደፈነው?»
ዝም አልኩ።
(ፋይል እንዳይርስ ብዬ፣ በማስቲሽ፣ እኔው ነኝ።)
ከድንቹ ጎን ገለበጠቻት። ሥሯ ጥቁር፣ እንደ ራሰ ክር።
ምላጭ አወጣች። ቆረጠች። ደግማ ቆረጠች።
ፊቴን አዞርኩ። ስመለስ፣
ስንዝር የማይሞላ፣ ባለ አንድ ዓይን አገዳ ቀርቷል።
«ድንች እንኳ አንድ ዓይን ከተረፈው ይበቅላል» አለችና፣
በምስማር ቀዳዳውን መልሳ በሳች፣
ደረቅ አፈር ሞላች፣ ሰጠችኝ።
«ስንት ልክፈልሽ?»
«ቃሪያ ግዢ።»

አሁን ጥቅምት ነው። ጉሙ ተነሥቷል፤ ጦሳ ፊቱን ታጥቧል።
ዓርብ ዓርብ፣ ሰው ሳይገባ፣ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እሰዳለሁ፤
እርጥብ ከሆነ፣ እጄን ጠርጌ ወደ ሥራዬ።
ከደረቀ ብቻ፣ ግማሽ ሲኒ።
ትናንት፣ ከዚያች ዓይን፣
እንደ ተጠቀለለ ደረሰኝ ያለ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል።
ቅጠል ይሁን አይሁን ገና አልፈረድኩም።
ጣሳው ላይ ግን «የዘሐራ አበጋዝ» ብዬ ጽፌያለሁ።
ኃላፊያችን ቆሞ አነበበና፣ «ማናት?» አለ።

መዝገቡን አልዘጋሁትም።
ለዓርብ ቀጥሬዋለሁ።