በገመድ የወጣ

ከሐዴራ ጣቢያ ተሳፈርን በጠዋት፣
አባቴ ደርበው ካርዱን እንደ ክታብ ይዟት።
ፊት ለፊት ያለች ወታደር ጠመንጃዋን ታቅፋ
እንቅልፍ ወስዷታል መስኮቱን ተደግፋ፤
ስልኳ ከጭኗ ሲንሸራተት ከአየር ላይ ነጠቀው፣
እንደ ጫጩት በመዳፉ ይዞ እስክትነቃ ጠበቀው።
በግራ ባሕሩ፣ በቀኝ ሙዙ በመረብ ተከናንቦ፣
ሃይፋ ደረስን፣ ጣቢያውን ሁሉ በጣቱ አንጓ አስቦ።

ከዚያ ራክባሊት፤ ገመድ ላይ የተንጠለጠለች የመስታወት ቤት፣
አትቆምም ለሰው፣ እየሄደች ነው የሚገባባት።
«ማን ነው የሚነዳት?» አለኝ፤ «ማንም» አልኩት።
ዝም አለ።
ማንም በማይነዳው ነገር መሳፈር
ለሱ የመጀመሪያው አልነበር።

ከፍ አልን። ወደቡ፣ መርከቡ፣ የማጣሪያው ጭስ ማውጫ
ከእግራችን ሥር አንሰው መሰሉ የልጅ መጫወቻ።
ጥዶቹ መሐል ከርከሮ፣ ስድስት ግልገል አስከትላ፣
ዳገቱን ትወጣለች አፈሩን ምሳ፣ ሥር ነቅላ።
«እያት፣ ኦሽራ! ይችማ በእግሯ ናት!» ብሎ ሳቀ፤
አጠገባችን ያለው ተማሪ ማዳመጫውን ከጆሮው አላቀቀ።

ድንገት ነፋስ ሆነ፤ ቤቲቱ ቀጥ አለች መሐል ሰማይ፣
ቆጥ ላይ እንዳለ ዶሮ ስንወዛወዝ ሸለቆው ላይ፣
«ይቅርታ፣ እንቀጥላለን» አለ አንድ ድምፅ ከጣሪያ።
አባቴ ቀና ብሎ፣ «ማንም የለም አላልሽም? ያ
ታዲያ ማን ነው?»

ጫፍ ደረስን። ላብ የለ፣ ማለክለክ የለ፣ ጠጠር ጫማ አልገባ።
የምማርበትን ግንብ አሳየሁት፤ መረቀኝ፣ ግን አልገባ።
ባሕሩን ያይ ነበር።
«ይሄ ቀርሜሎስ አይደል? የነቢዩ አሽከር ሰባት ጊዜ ተመላልሶ
የሰው እጅ የምታህል ደመና ያየበት፣ ሰማዩን አስሶ?
እኔ አንዴ፣ ያውም ተቀምጬ!
ዳገቱን ሳልከፍለው መጣሁ፣ እንደ ሌባ አጥር ዘልዬ፤
ምን ይለኛል ተራራው፣ በገመድ ተንጠልጥዬ?»

የመልሱን ካርድ ሳወጣ የጫማውን ክር አጠበቀ፤
«ስወጣ አላወቀኝም፤ ስወርድ ይወቀኝ» ብሎ ቁልቁለቱን ዘለቀ።

በከርከሮዋ መንገድ ወረድን፣ እሾሁ ቀሚሴን እየያዘ፤
የአሥር ሰዓቱ ባቡር አመለጠን፤ ጉልበቴ ዛለ፣ ደነዘዘ።
የመስታወት ቤቶቹ በላያችን ያልፋሉ፣ በየተራ፣ ዝም ብለው።
አባቴ ቆም ብሎ ለአንዷ እጁን አነሣ።
ከዚያ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው
ደመና ትመስል ይሆናል፤
ታናሽ።