ሰሙን አየነው

ገላን፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ጤፍ በነበረበት፣
ነፋስ ፌስታል ዘርቶ ፌስታል በሚያጭድበት፣
ቆራሌው ነኝ፤ ሸምሱ።
ጆንያዬ የሰፈሩን ገመና ያውቃል፣ ከነልብሱ።

ከኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ
በሩ አልዘጋ ያለ ማይክሮዌቭ ገዛሁ፤
ሃምሳ ብር አትርፌ ለሲፈን ሸጥኩላት።
«ምን ልታሞቂበት ነው?» አልኳት።
«ፌስታል» አለችኝ።

የኦቦ ጉደታ ልጅ ናት፤ ኬሚስትሪ ተመርቃ፣
ሁለት ክረምት ሥራ ጠብቃ፣
መጠበቁ ራሱ ሥራ ሲሆንባት
ላሞቹ ተሸጠው ባዶ የቀረው በረት ውስጥ ገባች፤
የማይክሮዌቩን በር በመዳብ ወንፊት ሰፋች።

መጀመሪያ ፌስታል ብቻ።
ደቂቃ ቆጠርን። ምንም።
ሞገዱ አልፎት ሄደ፣
ብድር እንዳለበት ዘመድ፣ ሰላም እንኳ ሳይለው።
«ይሄ ብቻውን አይሞቅም» አለች፤
«የሚሞቅ ጎረቤት ይፈልጋል።»

ያኔ ነው ገረባ የታዘዝኩት፤
ማታ ማታ ከጫት ቤቶቹ ደጅ፣
ቅጠሉ ለሌላው መርቅኖ፣ እንጨቱ የተጣለ።
አድርቃ፣ ግማሹን አክስላ፣ ቀላቀለችው።
ከሰሉ ሞገዱን ጠጣ፤
ጠጥቶም ለብቻው አልያዘው።

እሳት የለ፣ ነበልባል የለ።
ሆድ ሲያር እንዲህ ነው ለካ፤
ላዩ ደህና ነኝ ይላል።

የወጣው ግን ነጭ፣ ጣት ላይ የሚረጋ ሰም ነበር።
ኦቦ ጉደታ ከጋቢያቸው ውስጥ ሳቁ፤
«ሰሙንስ አየነው ልጄ፤ የታል ወርቁ?»

አልመለሰችም። ገረባ ጨመረች፣ ፌስታል ቀነሰች፤
ጻፈች፣ ሰረዘች።
እኔም ጆንያዬን ተደግፌ በረቱ ደጅ ቀረሁ፣
«ቆራሌው!» ማለት ረስቼ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠብ አለ፤
ቡናማ፣ ጎማና እርጥብ ቅጠል የሚሸት።
ጠብ።
ጠብ።
መብራት ሄደ።

እዚህ መብራት ሲሄድ ማንም ቀና አይልም፤
ሲፈን ግን ዞራ የአባቷን የመስኖ ሞተር አየች፣
ናፍጣ ከቀመሰ ዓመት ያለፈውን።
በጨርቅ አጥልላ ግማሹን አጠጣችው።
አሳለው። ተንቀጠቀጠ። ተነሣ።
አርባ እስክንቆጥር አጓራ፤
አርባ አንድ ላይ ዝም።

«ከበላው ያነሰ ሰጠን» አለች በጨለማው፤
አልተከፋችም፣ ቁጥሩን በስልኳ ብርሃን መዘገበች እንጂ።
«የቀረውን መቅጃ አለህ?»

ከጆንያዬ አንድ ሃይላንድ አወጣሁ፣ ለነገ የታጨ፤
የአጎቱ ልጆች ቀልጠው እሱ ውስጥ ተንቆረቆሩ።
ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁለት።
ኦቦ ጉደታ ተቀብለውኝ ወደ አምፖሉ ከፍ አደረጉት፣
ወርቁን ሊያዩ፤
መብራት ግን ገና አልመጣም።